ግንብ የገባበት ማጠቢያ ቤት

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራት «ካውያ» እያለ ነው። ስሙን ያወጡላት አብረዋት ልብስ የሚተኩሱት ሴቶች ሲሆኑ፣ ያወጡትም ሥራዋን አይተው ብቻ አልነበረም። ቀረብ ያላትን ሁሉ ታቃጥላለች። በርዳለች ብሎ እጁን የሰደደ ሰው ጣቱን እየነፋ ይመለሳል። እሷም ቅጽል ስሙን ስትሰማ አልተቀየመችም። «ሌላ ምን ሊሉኝ ኖሯል?» ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ማጠቢያ ቤቱ የገባችው ገና ሳታገባ፣ አንሶላ አጣጣፊ ሆና ነው። ቤቱ ፊቱን ለመንገድ፣ ጀርባውን ለወንዝ ሰጥቶ የተዘረጋ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነበር። ከመንገዱ በኩል ልብስ መረከቢያው፣ ቀጥሎ የሰው ቁመት ያላቸው ማጠቢያ ማሽኖች፣ መሐል ላይ አንሶላ በአንድ በኩል ጎርሶ በሌላ በኩል የሚተፋ ትልቅ መተኮሻ፣ ከሁሉ በስተኋላ በወንዙ በኩል ደግሞ እንፋሎት የሚያመርተው ቦይለር የታጨቀበት ጠባብ ክፍል። ቦታውን የመረጡት ቤቱን ያቋቋሙት ሽማግሌ ናቸው፤ ከወንዝ አጠገብ የተቆፈረ ጉድጓድ አይነጥፍም ብለው። በእሳቸው ዘመን ልክ ነበሩ። ሲሞቱ ቤቱ ለሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ተላለፈ። ታናሽየው ካውያን አገባ። ታላቅየው ማሽኖቹን አገባ ማለት ይቻላል፤ ሚስት ኖራው አታውቅም፣ የእያንዳንዱን ሞተር ሕመም ግን ከሩቅ ሰምቶ ይለያል።

ካውያ ዋርሳዋን፣ ማለት ይህን የባሏን ታላቅ ወንድም፣ «ጋሼ» ብላ ነበር የምትጠራው። አንቱ ትለዋለች፣ ከእሱ ቀድማ አትቀመጥም፣ ሲቆጣ አንገቷን ትደፋለች። ያ ሁሉ የቆየው በጋው እስኪከፋ ድረስ ነው።

በጋው በየዓመቱ እየከፋ መጣ። ድሮ ሁለት ሦስት ሳምንት አስጨንቆ የሚያልፈው ሙቀት አሁን እንደ መጥፎ እንግዳ መጥቶ አልሄድ አለ። ከሰዓት በኋላ በዚያ ዝቅ ያለ ቆርቆሮ ሥር መቆም ከቦይለሩ ሆድ ገብቶ እንደ መቆም ነበር። ተኳሾቹ ሴቶች (ተኳሽ ሲባሉ ጠመንጃ የያዙ ይመስላል እንጂ የያዙት የትራስ ልብስ ነው) በየተራ እየወጡ በር ላይ ራሳቸው ላይ ውሃ ያፈሱ ጀመር። ታናሽየው ወንድሙን ደጋግሞ ለመነው። ጣሪያውን ከፍ እናድርግ፣ ለሙቀቱ መውጫ እንክፈትለት፣ ሥራውን ጎህ ሲቀድ ጀምረን ፀሐይዋ ሳትበረታ እንጨርስ አለው።

«ሙቀት ዛሬ ተፈጠረ እንዴ?» አለ ታላቅየው። «አባባ እዚሁ ጣሪያ ሥር አርጅተው ነው የሞቱት። አንተ ከእሳቸው ትበልጣለህ?»

ታናሽየው ሰው መጋፈጥ የማይሆንለት ሰው ነበርና ወደ ሥራው ተመለሰ። በዚያው በጋ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቦይለሩን ቫልቭ ሊያጠብቅ ገብቶ ቆየ። ካውያ ልትጠራው ስትሄድ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ አገኘችው። ገላው ይፋጃል፣ ላብ ግን ጠብ አላለውም። ስሟን ሊጠራ ሞክሮ የሌላ ሰው ስም ጠራ። ሆስፒታል ሳይደርስ አለፈ። የገደለው ሙቀቱ መሆኑን ሐኪሙ ራሱ ነገራት።

በቀብሩ ማግሥት ቤት ሙሉ ሰው ተቀምጦ ሳለ ታላቅየው አጠገቡ ላለ ጎረቤት ሲናገር ሰማችው።

«ልቡ ደካማ ነበር። ከልጅነቱም እንዲሁ ነው።»

ካውያ ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«አንተ!» አለችው።

አንዲት ቃል ናት፤ ግን ከዚያች ቀን በፊት ከአንቱ ዝቅ ብላ አታውቅም ነበር። ታላቅየው ራሱ ወደ ሌላ ሰው የተናገረች መስሎት ዞር ብሎ አየ።

«ልቡ ምንም አልነበረም። ነገረህ፣ ለመነህ። አንተ ግን ወንድምህን እንደ አንሶላ ቀቅለህ ገደልከው።»

«ሐዘኑ ነው የሚያናግራት፣ ተዉአት» አለች አንዲት አሮጊት።

«ሐዘኑ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አለች ካውያ፣ ቁጭ አለችም።

ከዚያ በኋላ ታላቅየው አንድ ነገር ብቻ ጠበቀ፤ ቤቷ ትቀመጣለች፣ ልጆቿን ታሳድጋለች፣ እሱም ድርሻዋን እያሰበ ይልክላታል። እሷ ግን የሐዘን ልብሷን ሳትቀይር ሥራ ቦታ ደረሰች። ታላቅየው በሩን በሰውነቱ ሞልቶት ቆመ።

«አንቺ እዚህ ምን አለሽ?»

«ግማሹ አለኝ።»

«የወንድሜ ነው።»

«ወንድምህን አንተ ለአፈር ሰጠኸው፤ የቀረውን እኔ ይዤዋለሁ። ከበሩ ዞር በል።»

ዞር አለላት፤ ልቡ ግን አልዞረም። በዚያ ቤት ውስጥ ሁለቱ ውሃ ቀጠነ ብለው ይጣላሉ። ሳሙና በዛ፣ ሳሙና አነሰ፤ በር ተከፈተ፣ በር ተዘጋ። ሠራተኞቹ ማንን እንደሚሰሙ ግራ ገባቸው። አንዷ ከታዘዘችው ማሽን ወደ ሌላው ስትሄድ ሁለቱም ይጮኹባታል። በመጨረሻ የወንድማማቾቹ አጎት፣ ጉልበታቸው የደከመ ቃላቸው ግን ያልደከመ ሽማግሌ፣ በከዘራቸው እየተመሩ መጡና አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«እናንተ አብራችሁ አንድ መሃረብ አታጥቡም» አሉ። «ግንብ ይግባበት።»

ግንብ ገባበት። ከመንገዱ በር እስከ ወንዙ ድረስ አዳራሹን በቁመቱ ለሁለት የሰነጠቀ የብሎኬት ግድግዳ ተሠራ። ትልቁ መተኮሻና አብዛኞቹ ማሽኖች ለታላቅየው ደረሱ፤ ጉድጓዱ የጋራ ሆኖ ቀረ። ቦይለሩን እንካፈል ተብሎ ቧንቧ ሊቀጠል ሲታሰብ ካውያ «ገዳዩን ለራሱ ይውሰደው» አለች። ታላቅየው ሳቀ። ያለ እንፋሎት ማጠቢያ ቤት ከስንት ቀን በኋላ እንደሚዘጋ በልቡ ማስላት የጀመረው ያኔውኑ ነው።

አልተዘጋም። ካውያ የመኖሪያ ቤቷን ሸጣ ከልጆቿ ጋር ኪራይ ቤት ገባች፤ ከዚያ አንድ መሐንዲስ ፈልጋ አመጣች። ቀጭን፣ ከመናገሩ በፊት ረጅም የሚያስብ ሰው ነው። አዳራሹን አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ ወንዙ ዳር ወርዶ ጎርፍ በድልድዩ ምሰሶ ላይ የተወውን የጭቃ መስመር አየ። ከዚያ የነገራትን ሁሉ ሠራች። በእሷ በኩል ያለው ጣሪያ ከፍ ብሎ ሙቀት የሚያስወጣ ክፍተት ተተወለት። የጣሪያውን ግማሽ በፀሐይ ውሃ የሚያሞቁ ሰሌዳዎች የሞሉት ሲሆን፣ በቀረው ላይ አንሶላ ማስጫ ገመድ ተዘረጋበት። የመጨረሻ መለቅለቂያ ውሃ ከእንግዲህ ወደ ቦይ አይሄድም፤ በማጠራቀሚያ ተይዞ፣ ተጣርቶ፣ ለሚቀጥለው ልብስ የመጀመሪያ መዘፍዘፊያ ይሆናል። ወለሉ ከፍ አለ፣ ማሽኖቹ በሲሚንቶ መቆሚያ ላይ ወጡ፣ የመብራት ቆጣሪው ከሰው ራስ በላይ ተሰቀለ። ሥራ የሚጀመረው ወፍ ሲንጫጫ፣ የሚያበቃው ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሆነ።

«የሕፃን ጨዋታ» ይል ነበር ታላቅየው ከግንቡ ማዶ፣ እንድትሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አንዱ ልብስ በታጠበበት እጣቢ ሌላ ልብስ ይታጠባል? ነገ ደግሞ ትጠጣዋለች!»

«አንተን ሳስብ የሚመጣብኝን ምራቅም አጠራቅመዋለሁ» ትመልስለታለች ካውያ።

አንድ ነገር ግን ከመሐንዲሱ ጋር አላስማማትም። ከኋላዋ፣ በወንዙ በኩል፣ ጎርፍ የሚመልስ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ፈለገች። መሐንዲሱ ጫማውን በድንጋይ ላይ እየፋቀ ቆየና፦

«እሜቴ፣ ውሃ ስትመልሺው አይጠፋም» አላት። «ለብቻሽ ከገነባሽው ወደ ጎን ይገፋል። ጎን ያለው ደግሞ የዋርሳሽ ክፍል ነው። ወይ ሁለታችሁ ከዳር እስከ ዳር አብራችሁ ሥሩት፣ ወይ ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህን ቦታ ልቀቂ። ከፍታ ላይ ፈልጊ።»

«እኔ ከዚህ ብወጣ ደስታውን እንዴት ይችለዋል?»

«ስለ ውሃው ነው የምነግርሽ።»

«እኔም ስለ ውሃው ነው የማወራህ። ወደ ጎን ከገፋ ይግፋው። ጎረቤት የለኝም።»

ግንቡ ተሠራ።

ቀጥሎ ያለው ክረምት ዝናብ ሳያይ አለፈ፤ ተከታዩም እንዲሁ። ወንዙ መሐሉ ላይ እንደ ገመድ ቀጥኖ ቀረ። ያ የማይነጥፍ የተባለው ጉድጓድ ጭቃ ያወጣ ጀመር። እስከዚያን ጊዜ ውሃ ቀጠነ የሚለው ጠብ የአነጋገር ነበር፤ አሁን ግን የእውነት ቀጠነና የእውነት ተጣሉበት። ካውያ ያጠራቀመችውን እያዞረች ስትሠራ፣ ታላቅየው ማሽን በሞላ ቁጥር ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል። ፓምፑ አየር እየሳበ ያጓራል። አንድ ቀን ይሠራል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። የሆስፒታሉ አንሶላ፣ ቤቱ ከአባቱ ዘመን ጀምሮ ሲያጥበው የኖረው፣ በሩ ላይ ተቆልሎ መሽተት ጀመረ።

የሆስፒታሉ የንጽሕና ኃላፊ፣ ነጭ ጫማ የምታደርግ ችኩል ሴት፣ ክምሩን አይታ አፍንጫዋን ያዘች። ታላቅየው «ነገ» አላት። ትናንትም ነገ ብሏት ነበር። ከበሩ ወጥታ የመሐሉን ግንብ ዞረችና ካውያ ዘንድ ገባች።

«ውሃ አለሽ?»

«ውሃ የለኝም። ያለኝን ግን አልደፋም» አለች ካውያ። «አንሶላሽን አምጪው።»

ሠራተኞቿ ክምሩን ከታላቅየው በር ላይ ሲያነሱ እሱ እየሮጠ ወጣ። የአንገቱ ሥር ተገትሯል።

«የአባቴን ደንበኛ! ዓይንሽን በጨው አጥበሽ የአባቴን ደንበኛ ከደጄ!»

«በጨው አይደለም፤ በእጣቢ ነው ያጠብኩት። የሕፃን ጨዋታ ነው ብለህ የለ?»

«የወንድሜን ሞት እየነገድሽበት ነው፤ ሰው ሁሉ ይወቅልኝ! ይህ ሙቀትና ድርቅ ለሌላው መቅሠፍት ነው፤ ለእሷ ሠርግ ነው!»

መንገደኛው ቆሞ ይሰማል። ከቆመው ሰው መሐልም ራሱን የነቀነቀለት አልጠፋም። ቧንቧቸው የደረቀ ጎረቤቶች በካውያ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚንዶቀዶቀውን ውሃ በቅሬታ ዓይን ነበር የሚያዩት። አንድ ጠዋት በሯ ላይ ቆሻሻ ተደፍቶ አገኘች። አንዲት ሴት ደግሞ «የሰው መከራ ይብላሽ!» ብላት አለፈች። ካውያ ቆሻሻውን ጠርጋ ሥራዋን ጀመረች። ለማንም አንድ ባልዲ አልሰጠችም። ልትሰጥ ትችል ነበር፤ ግን ለአንዱ ከሰጠሁ ዋርሳዬም በሰው ልኮ ያስቀዳል ብላ እጇን ሰበሰበች።

በዚሁ ሰሞን ከታላቅየው በኩል አንዲት ሠራተኛ ግንቡን ዞራ መጣች። ከመሥራቹ ሽማግሌ ዘመን ጀምራ የነበረች ተኳሽ ናት፤ ሁሉም «እታለም» ይላታል። በመተኮሻው ፊት ሙቀቱ ሁለት ጊዜ ጥሏታል።

«ለሥራ ነው የመጣሁት» አለች እታለም። «እወድሻለሁ ብዬ እንዳይመስልሽ።»

«መች ጠየቅኩሽ?»

«እሱ ሞኝ ነው፤ አንቺ ክፉ ነሽ። ግን ያንቺ ጣሪያ ከፍ ያለ ነው።»

ካውያ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ አንድ ካውያም ሰጠቻት።

ዝናቡ ሲመለስ ይቅርታ የሚጠይቅ አይመስልም ነበር። ሁለት ዓመት የቀረውን በአንድ ሳምንት ይዞ መጣ። ከተማው ላይ ገና ካፊያ ሳለ ከላይ፣ ከተራቆተው ኮረብታ፣ ወንዙ ግንድና የሞተ ከብት እያንከባለለ ወረደ። እኩለ ቀን ነበር። ውሃው የካውያን የድንጋይ ግንብ መታው። ግንቡ አልተነቃነቀም። ውሃው ግንቡን ሽቅብ አየት እንዳደረገ ሁሉ ወደ ኋላ ተመለሰና ተጠማዞ በታላቅየው ጀርባ በኩል ያለውን ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ቀደደው።

ካውያ በደረቀው ከፍ ያለ ወለሏ ላይ ቆማ ድምፁን ሰማች። የመጀመሪያው ስሜቷ ደስታ ነበር፤ ይህን መደበቅ ታሪኩን ማበላሸት ነው። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ሲገለበጡ ከመሐሉ ግንብ ማዶ ይሰማታል፤ እሷም እያንዳንዷን ድምፅ እንደ ምርቃት ተቀበለቻት። ከዚያ የሴቶች ጩኸት መጣ። እታለም ወደ መንገዱ ሮጣ ተመለሰች።

«ሴቶቹ ወጥተዋል። እሱ የለም!»

ታላቅየው የጋለ ቦይለር ቀዝቃዛ ጎርፍ ቢነካው ፈንድቶ የሰፈሩን ግማሽ እንደሚያነሳ ስለሚያውቅ እሳቱን ሊያጠፋ ወደ ኋላ ክፍል ገብቶ ነበር። አጥፍቷል። ሊወጣ ሲል ግን ልብስ የጫኑት ጋሪዎች ተንሳፍፈው መጥተው በሩ ላይ ተቆለሉ፤ ውሃውም ከኋላቸው ሆኖ ይገፋል። ክፍሉ ከካውያ ጋር የሚዋሰነው በዚያ በብሎኬቱ ግድግዳ ነው። በብረት ሲመታው ይሰማል። ኳ። ኳ። ከዚያ ዝም፤ ከዚያ እንደገና ኳ።

ሴቶቹ ሁሉ ካውያን አዩዋት። አልተንቀሳቀሰችም። ያ ክፍል ነው። ባሏ ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠበት፣ ስሟን ያጣበት ክፍል። «እዚያው ይቅር» አለች በልቧ። እታለም ክንዷን ያዘቻት።

«ምንም አትበይኝ» አለች ካውያ። «እንዳትናገሪኝ!»

ከጥግ ትልቁን መዶሻ አነሳችና ግድግዳውን መታች። በየምቱ መሐል ትሳደባለች። «እዚህ ሞተህ… ዕድሜ ልኬን… ልትከሰኝ? ምን ሲደረግ! ተነስ አንተ… የማትረባ!» ብሎኬቱ ተሰንጥቆ ተከፈተ፤ ከደረት በላይ የነበረ ቡናማ ውሃ በቀዳዳው እየተምዘገዘገ ገብቶ ሁሉንም ጣላቸው። ለሆስፒታሉ ታጥቦ የተደረደረውን አንሶላ ጠራርጎ ወደ መንገዱ በር ወሰደው። ከውሃው ጋር ታላቅየው ወጣ፤ ግንባሩ ተተርትሯል፣ ጫማው የለም። እታለምና ካውያ በብብቱ ጎትተው ከፍ ያለው የማሽን መቆሚያ ላይ አስቀመጡት። ሳል ሲተወው ቀና ብሎ አያት።

«ግንብሽ ነው» አለ። «ግንብሽ ነው ያመጣብኝ።»

ካውያ መዶሻውን ጥላ ወጣች።

ጎርፉ ከጎደለ በኋላ አጎት ሁለቱን ቤታቸው ጠሯቸው፤ መሐንዲሱም እንዲመጣ አደረጉ። ታላቅየው ግንባሩ በፋሻ እንደታሰረ ነው።

«ሆን ብላ ነው ውሃውን የላከችብኝ» አለ። «ይህን ሰው ይጠይቁት።»

አጎት ወደ መሐንዲሱ ዞሩ። መሐንዲሱ ካውያን አየት አደረጋትና ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰ።

«ነግሬያታለሁ። አብረው እንዲሠሩት፣ አለዚያም ቦታውን እንድትለቅ ነግሬያታለሁ።»

«ሰማሽ?» አሏት አጎት።

«ሰምቻለሁ። ያኔም ሰምቻለሁ።» ካውያ ፊቷ አልተለወጠም። «እሱንስ? እሱን ወንድሙ አልነገረውም? ጣሪያውን ከፍ እናድርግ ብሎ አልለመነውም? እስቲ አጎቴ፣ እሱንም ይጠይቁልኝ።»

ታላቅየው ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«እንግዲህ ሁለታችሁም ተነግሯችኋል» አሉ አጎት። «አንዱ ወንድሙን በላ፣ አንዷ የአማቷን ቤት በላች። እኔ የምፈርደው የለኝም። ውጡልኝ።»

ወጡ፤ በአንድ በር፣ ግን በተለያየ አቅጣጫ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት የሆነ ነገር አይደለም። የሆስፒታሉ ኃላፊ አንሶላዎቿን በጭቃ ውስጥ ካየች በኋላ ውሃ ሲጠፋም ውሃ ሲበዛም የማይቆም ቤት ካልሆነ በቀር እንደማትመለስ በግልጽ ተናገረች። ካውያ ወንዙን መልቀቅ ግድ ሆነባት። ዳገቱ ላይ ባዶውን የቆመ የእህል መጋዘን ተከራየች፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም ሰፊ ግቢ ያለው። ከጎርፍ የተረፉትን ማሽኖቿን በጭነት መኪና አወጣች። በዚህ ጊዜ መሐንዲሱ የዝናቡ ትርፍ የት እንደሚወርድ ሲነግራት፣ ጥርሷን እየነከሰችም ቢሆን፣ ቁልቁል ያሉትን ጎረቤቶች አስጠርታ ቦዩን አብራቸው አስቆፈረች። ከማጠራቀሚያዋም ወደ ግቢው ውጭ አንድ ቧንቧ አወጣች። ደግነት አልነበረም። ቆሻሻ መጥረግ ሰልችቷት ነው።

ታላቅየው በወንዙ ዳር ጭቃ ውስጥ ወራት ተቀመጠ። ሞተር ይፈታል፣ ያደርቃል፣ ይገጥማል፤ አንዱም አልነሳ አለው። ቦይለሩን የብረት ነጋዴ በብረት መጋዝ ቆራርጦ ወሰደው። አንድ ጠዋት፣ ከእሱ ጋር የቀሩትን ሴቶች አስከትሎ ዳገቱን ወጣ፤ በሩ ላይ ቆሞም ወደ መሬት እያየ ተናገረ።

«እነዚህን ቅጠሪያቸው። እኔን ማናገር የለብሽም።»

«እንነጋገር ያለህ ማን ነው?»

ሴቶቹ ገቡ። እሱ ሊመለስ ሲል ከውስጥ የአንዱ ማሽን ጩኸት ተሰማና እግሩ አልታዘዝ አለው። ያ ማሽን ለሦስት ቀን ሲያስለቅሳት የነበረ፣ ሁለት ጠጋኝ አይቶት የተመለሰ ነው። ካውያ ፊቱን ሳታይ ከበሩ ላይ ዞር አለች። ማሽኑ ከሰዓት በኋላ ተነሳ። በማግሥቱም መጣ፤ ማንም ና አላለውም፣ ማንም ሂድ አላለውም። በወር መጨረሻ እንደማንኛውም ሠራተኛ ደመወዙን እታለም አቀበለችው። ከካውያ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ውለው የሚነጋገሩት በእታለም በኩል ብቻ ነበር። «ንገሪው» ትላለች ይህችኛዋ፤ «በያት» ይላል ያኛው፤ ሁለት እርምጃ ተራርቀው።

ዳገቱ ላይ በከረሙ በሁለተኛው በጋ አንድ አስከፊ የሙቀት ሳምንት መጣ። ሆስፒታሉ ሙቀት በጣላቸው ሰዎች ሞላ። የንጽሕና ኃላፊዋ ራሷ መጥታ፣ ነጭ ጫማዋ አቧራ ለብሶ፣ ካውያን እጇን ይዛ ለመነቻት። በሽተኞች ላስቲክ ላይ ተኝተዋል፣ ዛሬ አንሶላ ካልደረሰ የምትሆነውን አታውቅም። ካውያ ቃል ገባች። ፀሐይዋ አናት ላይ ደረሰች፤ የማቆሚያው ሰዓት አለፈ፤ ካውያ ግን «ቀጥሉ» አለች። አንዲት ተኳሽ ጠረጴዛውን ተደግፋ ቆመች። «ቀጥሉ፣ ትንሽ ናት የቀረችው!» አለች ካውያ።

ድንገት ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ታላቅየው ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ፣ የመብራት ሳጥኑን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከቶታል።

«ክፈተው!» በእታለም በኩል አልነበረም፤ በቀጥታ ነበር።

«አልከፍትም።»

«ሰው መሬት ላይ ተኝቷል! ሰምተሃል?»

«እነዚህም ይተኛሉ።» ድምፁ ተሰበረ። «አንድ ቀብሬያለሁ። በእኔ ጥፋት። ሁለተኛ አልቀብርም።»

ካውያ ይህችን ቃል ስንት ዓመት ጠብቃት ነበር። ስትመጣ ልቧ ያርፍ መስሏት ነበር፤ አላረፈም። ይልቅ ደሟ ፈላ።

«ዛሬ ነው የምትለው?» አለችው። «በዚያን ቀን፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት ያላልከውን፣ ዛሬ? ማሽን ላይ?»

«ዛሬ ነው የምለው።»

«አልምርህም።»

«አልለመንኩሽም። ሴቶቹን አስወጪ።»

ሴቶቹ ትእዛዝ አልጠበቁም፤ ጥላ ወዳለበት ግቢ ወጥተው ውሃ እየተረጩ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ተመልሰው የቀረውን ጨረሱት፤ አንሶላው አመሻሹ ላይ ደረሰ። ዘግይቷልና የሆስፒታሉ ኃላፊ ካውያን ደህና አድርጋ ሰደበቻት። ካውያም መልሳ ሰደበቻት።

በማግሥቱ ካውያ የሳጥኑን ቁልፍ ከታላቅየው ጠየቀች። ሰጣት። እሷም ወስዳ ለእታለም ሰጠቻት።

«እሱን አላምነውም» አለቻት፣ ሁሉም እየሰማ። «ራሴንም ትናንት አይቻታለሁ። ስታጠፊ ማናችንንም እንዳትጠይቂ።»

እታለም ቁልፉን በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። በሳምንቱ፣ ገና ከማቆሚያው ሰዓት በፊት፣ አየሩ ከብዷት ተነሳችና ማብሪያውን ዘጋችው። ካውያ ከዚህ ወገን፣ ታላቅየው ከዚያ ወገን እኩል ጮኹባት። እታለም ሁለቱንም አላየቻቸውም፤ ጥላ ያለበት ቦታ ፈልጋ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች።